መኪናን በአማተር ሬዲዮ መከታተል፦ አዳማ ላይ ከተቀባዩ ጀምሩ

"ሬዲዮው ይጮኻል፣ ስልኩ ተልኳል ይላል፣ ካርታው ላይ ግን መኪና የለም።" ስለ ኤፒአርኤስ፣ ማለትም ያሉበትን ቦታ በአማተር ሬዲዮ ስለሚልከው ዘዴ፣ የሚደርሰኝ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ እዚህች ላይ ያርፋል።

ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው አይደለም። ሰው የውጭ አገር መመሪያ ይከተላል። የውጭዎቹ ጸሐፊዎች በየኮረብታው ላይ ፓኬት (በሬዲዮ የሚላከውን አጭር የመረጃ መልእክት) ተቀብሎ ወደ ኢንተርኔት የሚያሻግር የሌላ ሰው ጣቢያ እንዳለ ቆጥረው ነው የሚጽፉት። ስለዚህ ከመኪናው ይጀምራሉ። እናንተ አዳማ ላይ እንደዚያ ብላችሁ አትነሱ። የሚሰማችሁን ጣቢያ ራሳችሁ ታቆማላችሁ። ቅደም ተከተሉም ይገለበጣል፦ መጀመሪያ ቤት ያለው ተቀባይ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ ያለ ላኪ፣ በመጨረሻ መኪናው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙ። መኪናው ላይ ያለው ላኪ መልስ አይጠብቅም። እንደ ሚኒባስ ረዳት ነው፤ "ወንጂ! ወንጂ!" ብሎ ይጮኻል፣ የሰማ ይሰማል። ስልኩ ላይ "ተልኳል" የሚል ጽሑፍ ስላያችሁ ማንም ሰምቷችኋል ማለት አይደለም።

ስለ አጻጻፉም ልበል። ኮዶቹንና የፕሮግራሞቹን ስም በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። መሣሪያው ላይ ስታስገቡ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት

ፈቃድ ይቅደም። ያለ አማተር ፈቃድና ያለ ኮልሳይን (የጣቢያችሁ መጠሪያ ኮድ) የመላኪያውን ቁልፍ እንዳትነኩ። የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሬዲዮ ከውጭ ልታስገቡ ካሰባችሁ ዕቃው ከመጫኑ በፊት እዚያ ጠይቁ። ጉምሩክ ላይ ከተያዘ በኋላ መጠየቅ ሌላ ጣጣ ነው። መንገዱን ከሚያውቁት መካከል የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር አለ፤ የክለብ ጣቢያው ኮልሳይን ኢቲ3ኤኤ ነው። ፈቃዱ ሲወጣ ኮፒውን መኪናው ውስጥ አስቀምጡ። ጣራው ላይ አንቴና፣ ውስጡ ዎኪቶኪ ያለው መኪና ኬላ ላይ ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ለምን እንደምትፈልጉት ለራሳችሁ ንገሩ። አማተር ሬዲዮ ለንግድ አይሆንም። አይሱዙዎቻችሁ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሰው እንደሆነ ለማየት ከሆነ ይህን ጽሑፍ እዚህ ጋ ዝጉትና ሲም ካርድ የሚገባበት የጂፒኤስ መከታተያ ግዙ። ደግሞ በአማተር ሞገድ ላይ መልእክት መመስጠር አይፈቀድም፤ የምትልኩት ቦታ ለማንም ክፍት ነው። የሌባ መከላከያም አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ሌባውም መስማት ይችላል።

ለምን ይሆናል? ኔትወርክ በሚጠፋበት መንገድ ላይ ለሚደረግ የብስክሌት ጉዞ አጃቢ መኪና፣ ለጓደኞች የመስክ ጉዞ፣ ለአደጋ ጊዜ ልምምድ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለቤት፦ አንድ የእጅ ሬዲዮ፣ ላፕቶፕ፣ ርካሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ፣ አንቴናና ኬብል። ለመኪና፦ ሌላ የእጅ ሬዲዮ፣ አንድሮይድ ስልክ፣ ስልኩን ከሬዲዮው የሚያገናኝ ኬብል፣ ማግኔት ያለው የጣራ አንቴና። ለሥራው ደግሞ ካውያ፣ ስታኞ፣ ፒንሳና ቴስተር።

ምሳሌዎቼን በባኦፌንግ ዩቪ-5አር ላይ አደርጋለሁ፤ ብዙ ሰው እጅ ያለው እሱ ስለሆነ ነው እንጂ ከሁሉ ስለሚበልጥ አይደለም። ገንዘብ ያለው ሰው ኤፒአርኤስ አብሮት የተሠራ የኬንውድ ወይም የያኤሱ የመኪና ሬዲዮ ቢገዛ ደረጃ 5ን ሙሉ በሙሉ ይዘለዋል።

ደረጃ 1፦ የተቀባዩን ቦታ ምረጡ

በምንሠራበት የ2 ሜትር ሞገድ (144 ሜጋኸርዝ አካባቢ) ላይ ዋናው ነገር ጉልበት ሳይሆን ከፍታ ነው። ሜዳ መሬት ላይ ግምቱ እንዲህ ይሠራል፦ የቤታችሁን አንቴና ከፍታ በሜትር ውሰዱና ካሬ ሩቱን አውጡ። የመኪናውንም እንደዚሁ። ሁለቱን ደምሩና በ4.12 አባዙ። የሚወጣው ኪሎሜትር ነው። ጂ+1 ጣራ ላይ 9 ሜትር ከፍታ ያለው አንቴናና መኪና ላይ 2 ሜትር ከፍታ ያለው አንቴና፦ 3 ሲደመር 1.41፣ ሲባዛ በ4.12፣ 18 ኪሎሜትር ገደማ።

ይህ መሬቱ ሜዳ ሲሆን ነው። አዳማ ግን በኮረብታዎች የተከበበች ናት። የንፋስ ተርባይኖቹ የቆሙበትን ሸንተረር ስታዩ ከጀርባው ያለው መንገድ ለእናንተ ጥላ መሆኑን አትርሱ። ወደ ወንጂ ያለው ለጥ ያለ የሸንኮራ መሬት ቀላል ነው። ሶደሬ ወደ 25 ኪሎሜትር ይርቃል፣ ያውም አዋሽ ዳር ነው። በአንድ ጣቢያ ሁሉንም አትሸፍኑም። ስለዚህ "ከቤቴ ጣራ ላይ የትኛው መንገድ ይታያል?" ብላችሁ ጀምሩ። ወጥታችሁ ተመልከቱ። ዓይን ያላገኘውን መንገድ ሬዲዮውም የማግኘት ዕድሉ ትንሽ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የመብራት ሽቦ አጠገብ ምሰሶ አታቁሙ። ምሰሶው ቢወድቅ እንኳ ሽቦው ጋ መድረስ የለበትም። የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ፤ በአንድ ምስማር የታሰረ ቱቦ ሁለት ሳምንት አይቆይም። ቢያንስ በሦስት አቅጣጫ በሽቦ ወጥሩት። ክረምት ላይ መብረቅ ሲመጣ ኬብሉን ከሬዲዮው ነቅላችሁ ከቤት ውጭ ተዉት።

ደረጃ 2፦ አንቴናውን ሥሩ

የምንሠራበት ፍሪኩዌንሲ 144.800 ሜጋኸርዝ ነው። አፍሪካና አውሮፓ ያሉበት ክልል የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። 144.390 የሚል ካያችሁ የሰሜን አሜሪካ ነው፤ እዚህ አትጠቀሙበት።

1. የፓነል አንቴና ሶኬት ውሰዱ፤ አራት የብሎን ቀዳዳ ያለውን።
2. መሐሉ ላይ 49 ሳንቲሜትር ጠንካራ የመዳብ ሽቦ በስታኞ አጣብቁ።
3. በአራቱ ቀዳዳዎች 52 ሳንቲሜትር የሆኑ አራት ሽቦዎች እሰሩ።
4. አራቱን ወደ ታች 45 ዲግሪ ገደማ እጠፏቸው። ይህ ለጌጥ አይደለም፤ አንቴናውን ከ50 ኦም ኬብል ጋር የሚያስማማው እሱ ነው።
5. ከቆርቆሮው ጣሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት።

ኬብሉ ላይ ቁጠባ አይሠራም። ቀጭኑ አርጂ-58 በዚህ ሞገድ በ15 ሜትር ውስጥ ግማሹን ጉልበት ይበላል። ወፍራሙ አርጂ-213 ከግማሽ በታች ነው የሚያጠፋው። ካጣችሁ የዲሽ ኬብል ለመቀበያ ይሆናል። 75 ኦም ነው፣ የሚያመጣው አለመጣጣም ግን ለዚህ ሥራ ትንሽ ነው፤ ብክነቱም ከአርጂ-58 ያነሰ ነው።

የዲሽ ኬብል ጣጣው ጫፉ ላይ ነው። የውጭውን ላስቲክ ስትልጡ የምታገኙት ፎይልና መረብ አሉሚኒየም ነው፤ ስታኞ አይዘውም። ካውያውን ብታከርሩት ውስጡ ያለው ነጭ ፎም ይቀልጥና መሐለኛው ሽቦ ከመረቡ ጋር ይነካካል። ስለዚህ አትበይዱት። መረቡን ወደ ኋላ ቀልብሳችሁ የሚጠመዘዝ ኤፍ ኮኔክተር ግጠሙ፣ ከዚያ መቀየሪያ ጨምሩ። ስትጨርሱ በቴስተር ለኩ፦ መሐለኛውና የውጭው መነካካት የለባቸውም። ውጭ የቀረውን መጋጠሚያ በላስቲክ ቴፕ ጠቅልሉት። ውኃ የገባበት ኬብል ምንም ሳይመስል ነው ሥራውን የሚያቆመው።

ወፍራም ኬብል በቀጥታ የእጅ ሬዲዮው አናት ላይ አታንጠልጥሉ። ያቺ ትንሽ ሶኬት ትነቀላለች። አጭርና ለስላሳ ማገናኛ መሐል አስገቡ።

ደረጃ 3፦ ሁለቱንም ሬዲዮዎች አስተካክሉ

ዩቪ-5አር ላይ ሜኑ ተጫኑ፣ ቁጥሩን ጻፉ፣ እንደገና ሜኑ፣ ዋጋውን ቀይሩ፣ ሜኑ፣ ውጡ። ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው፦

- ሜኑ 0፣ ስኬልች (ሹሹታውን የሚያፍነው)፦ ቤት ባለው ሬዲዮ 0 አድርጉት። ሹሹታው ይሰማ። ፕሮግራሙ ከሹሹታ ውስጥ ፓኬት ለይቶ ያወጣል፤ ስኬልቹ ሲከፈት የሚባክነው ጊዜ ግን የፓኬቱን መጀመሪያ ይቆርጠዋል።
- ሜኑ 3፣ ባትሪ መቆጠቢያ፦ አጥፉት። ሬዲዮው እያሸለበ ከሆነ አጭሯን ፓኬት ሳይሰማ ታልፈዋለች። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው።
- ሜኑ 5፣ ባንድ፦ ሰፊው ላይ ይሁን።
- ሜኑ 7፣ ሁለት ቻናል መጠበቅ፦ አጥፉ።
- ሜኑ 8፣ የቁልፍ ድምፅ፦ አጥፉ።
- ሜኑ 10፣ 11፣ 12 እና 13፣ የቶን ኮዶች፦ ሁሉም ይጥፉ።
- ሜኑ 39፣ ሮጀር፦ አጥፉ። ፓኬት ጫፍ ላይ "ቢፕ" ማንም አልጠየቀም።

ሜኑ 4 ቮክስ ነው፤ ድምፅ ሲገባ ሬዲዮው ራሱ እንዲልክ የሚያደርገው። በመኪናው ሬዲዮ ላይ ብቻ እናበራዋለን፣ ያውም ደረጃ 5 ላይ። ቤት ባለው ሬዲዮ ላይ ጠፍቶ ይቆይ።

ደረጃ 4፦ ተቀባዩን ሥሩና ስሙ

1. ከሬዲዮው የጆሮ ማዳመጫ መውጫ ወደ ዩኤስቢ ሳውንድ ካርዱ የማይክ ቀዳዳ ኬብል ሳቡ። የላፕቶፑን ቀዳዳ አትመኑ፤ አብዛኞቹ ማይክና ስፒከር አንድ ላይ ስለሆኑ ተራ ኬብል ስትሰኩ ማይኩን አያዩትም።
2. የፓኬቱን ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን ዳየርዎልፍ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ኮልሳይናችሁንና የሳውንድ ካርዱን ብቻ አስገቡ። ለጊዜው ሌላ ምንም አትንኩ።
3. የሬዲዮውን ድምፅ ትንሽ ብቻ ክፈቱ። የማይክ ቀዳዳ ጠንካራ ድምፅ አይችልም።
4. ላፕቶፑ ላይ "ማይክ ቡስት" የሚል ነገር ካለ አጥፉ። የድምፅ ማጣሪያና ማሻሻያ የሚሉትንም ሁሉ።

አሁን ምን ትሰማላችሁ? ምንም። የሚልክ ሰው የለማ! ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ ነገር መነካካት ይጀምራል። አትነካኩ። መሞከሪያ ከሰማይ አለላችሁ። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ 145.825 ሜጋኸርዝ ላይ ይህንኑ ዓይነት ፓኬት የሚደግም ሬዲዮ አለው። ሁልጊዜ አይበራም፣ ሲበራ ግን የዓለም አማተር ሁሉ ይልክበታል። ጣቢያው በአዳማ ሰማይ የሚያልፍበትን ሰዓት ከስልክ አፕ ላይ እዩ፣ ፍሪኩዌንሲውን ቀይሩና ጠብቁ። አንድ ማለፊያ ቢበዛ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። "ብዝዝዝት" የሚል አጭር ድምፅ ሰምታችሁ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ከወጣ ተቀባያችሁ ጤነኛ ነው። ወደ 144.800 መልሱት።

ፓኬት ሲወጣ ዳየርዎልፍ "ኦዲዮ ሌቭል" ብሎ ቁጥር ይጽፋል። 50 አካባቢ እንዲሆን ድምፁን አስተካክሉ። ከ100 በላይ ከሆነ ድምፁ እየተቆራረጠ ነውና ቀንሱ። የድምፁን ቁልፍ ካገኛችሁበት ቦታ እንዳይነቃነቅ በነጭ ፕላስተር ምልክት አድርጉበት።

ለካርታ ያክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጨምሩ። ከዳየርዎልፍ ጋር በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ በፖርት 8001 ይገናኛል። የአዳማን ዙሪያ ካርታ ኢንተርኔት ባለበት ሰዓት አውርዳችሁ አስቀምጡ፤ በጉዞው ቀን ኔትወርክ ይኖራል ብላችሁ አትወራረዱ።

ደረጃ 5፦ ላኪውን ጠረጴዛ ላይ አስተካክሉ

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ጊዜ ስጡት።

ስልኩ ላይ ኤፒአርኤስድሮይድ የሚባለውን አፕ ጫኑ። አፑ ቦታችሁን በሁለት የድምፅ ቃና፣ በ1200 እና በ2200 ኸርዝ ይቀይረዋል። ድምፁ በኬብሉ ወደ ሬዲዮው ማይክ ይገባል። ሬዲዮው በቮክስ ድምፁን ሲሰማ ራሱ መላክ ይጀምራል።

1. አፑ ውስጥ ኮልሳይናችሁን አስገቡ፣ የግንኙነቱን ዓይነት በድምፅ ወደ ሬዲዮ የሚልከው ላይ አድርጉ።
2. ሬዲዮው ላይ ዝቅተኛ ጉልበት ምረጡ፣ ሜኑ 2።
3. ቮክስ አብሩ፣ ሜኑ 4።
4. ቮክስ ድምፅ ከሰማ በኋላ ነው የሚነሳው፤ የፓኬቱን ራስ ይበላል። ስለዚህ አፑ ላይ ከፓኬቱ በፊት የሚጮኸውን መንደርደሪያ ወደ 600 ሚሊሰከንድ ከፍ አድርጉ።
5. ሁለቱን ሬዲዮዎች የተለያየ ክፍል ውስጥ አስቀምጡ። ጎን ለጎን ካደረጋችኋቸው ተቀባዩ ይደነቁራል።
6. የስልኩን ድምፅ እስከ ታች ቀንሱ። አንድ እርከን ጨምሩ፣ ላኩ። ሬዲዮው ቀይ መብራት ካላሳየ ሌላ እርከን ጨምሩ።
7. ቀዩ መብራት ሲበራ ወደ ላፕቶፑ ሂዱ። ጽሑፍ ወጣ? ካልወጣ አንድ እርከን። እንደገና።
8. ጽሑፍ ሲወጣ አትቁሙ። መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ እርከን በእርከን ጨምሩ። አሁን ታችኛውንም ላይኛውንም ወሰን አወቃችሁ። መሐሉን ያዙ።

አብዛኛው ሰው ድምፁን ከመጀመሪያው ሞልቶ ይለቀዋል። በጆሮ ሲሰማ ኃይለኛ ነው፣ ፕሮግራሙ ግን አንድ ፊደል አያወጣም። በጣም የጮኸ ፓኬት የተጨማደደ ፓኬት ነው። በጆሮ ለመለየት፦ ቤት ያለውን ሬዲዮ ስፒከር ክፈቱና የፓኬቱን ጩኸት ከሰው ንግግር ጋር አወዳድሩ። ከንግግሩ እጅግ ከበለጠ ቀንሱ።

ዳየርዎልፍ ከኦዲዮ ሌቭሉ አጠገብ በቅንፍ ሁለት ቁጥሮች ያሳያል። የሁለቱ ቃናዎች ናቸው። ተቀራራቢ ከሆኑ ደህና ነው። አንዱ ከሌላው እጅግ ካነሰ ስልኩ ላይ የሙዚቃ ማሳመሪያ በርቶ ይሆናል፤ አጥፉት።

ሬዲዮው ከላከ በኋላ ሳይዘጋ ከቆየ ቮክሱ ከሚገባው በላይ ስሜታዊ ነው፣ ወይም ከኬብሉ የሚገባ ጩኸት አለ። የቮክሱን ቁጥር ቀይሩ። ስልክ ሲደወል፣ መልእክት ሲገባ፣ ድምፁ በሬዲዮ ይወጣል! የጥሪና የመልእክት ድምፆችን ሁሉ ዝጉ። የሠፈሩን ቲክቶክ 144.800 ላይ ማሰራጨት አስቂኝ ቢሆንም ፈቃድ ያስነጥቃል።

ደረጃ 6፦ የሚላከውን አስተካክሉ

ቁጥሩ፦ ኮልሳይናችሁ ቀጥሎ ሰረዝና 9። 9 የመኪና ነው። ቤት ያለው ጣቢያ ከኢንተርኔት ጋር ከተገናኘ 10 ይሰጠዋል። ሁለት መኪና ካላችሁ ቁጥራቸውን ለዩ፤ አንድ ቁጥር የያዙ ሁለት መኪናዎች ካርታው ላይ እንደ አንድ እብድ መኪና ከወንጂ መልካሳ ሲዘሉ ይታያሉ።

ምልክቱ፦ የመኪና፣ የጭነት መኪና፣ የብስክሌት ምልክት አለ። ትክክለኛውን ምረጡ።

መንገዱ፦ ደጋሚ ጣቢያ፣ ማለትም የሰማውን ፓኬት መልሶ የሚልክ፣ ከሌላችሁ ባዶ ተዉት። አንድ ካላችሁ ዋይድ1-1 (አንድ ጊዜ ይደገም ማለት ነው) ይበቃል። ሁለት ካሉ ዋይድ1-1 እና ዋይድ2-1። ከዚህ በላይ ቁጥር የሚመክራችሁን ሰው አትስሙት።

ስንት ጊዜ ይላክ? ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። 100 ባይት ያለው ፓኬት በሴኮንድ 1200 ቢት ሲላክ ወደ 0.7 ሴኮንድ ይፈጃል። ከነመንደርደሪያው አንድ ሴኮንድ ያልፋል። አሥር መኪና በየአሥር ሴኮንዱ ቢልኩ ቻናሉ ሞልቶ ፈሰሰ፤ እርስ በርስ ይደፋፈናሉ፣ የማንም አይሰማም። በየሁለት ደቂቃው ቢልኩ ግን ደጋሚ ቢኖር እንኳ ቻናሉ ሰፊ ጊዜ ባዶ ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና በሁለት ደቂቃ 2 ኪሎሜትር ነው፤ ለአጃቢ መኪና ይበቃል።

ከቋሚ ሰዓት የሚሻለው በፍጥነትና በመታጠፍ የሚወስነው ዘዴ ነው፤ አፑ ውስጥ ስማርት ቢኮኒንግ ይባላል። ለአዳማ ዙሪያ፦ ከ5 ኪሎሜትር በሰዓት በታች በየ20 ደቂቃው፣ ከ80 በላይ በየ2 ደቂቃው፣ ሲታጠፍ ደግሞ 30 ዲግሪ ካለፈ። ሌላውን እንዳለ ተዉት።

ደረጃ 7፦ መኪናው ላይ ግጠሙ

አንቴናው ጣራው መሐል ይሁን። ብረቱ የአንቴናው ግማሽ አካል ነው። ኮፈን ጠርዝ ላይ ስታደርጉት ወደ አንድ ወገን ያደላል። ሬዲዮውን ከነጎማ አንቴናው ዳሽቦርድ ላይ አስቀምጦ መንዳት ደግሞ በብረት ሣጥን ውስጥ ሆኖ መጮህ ነው።

ባጃጅ ላይ ከሆነ ተጠንቀቁ። ጣራው ሸራ ነው፤ ማግኔቱም አይይዝም፣ የብረት ወለልም የለውም። ከ50 ሳንቲሜትር በላይ ስፋት ያለው ቆርቆሮ እሰሩለት፣ ወይም የብረት ወለል የማይፈልግ የግማሽ ሞገድ አንቴና ተጠቀሙ።

ኤሌክትሪኩን ሳትለኩ አትሰኩ። የቤት መኪና 12 ቮልት ነው። አይሱዙ የጭነት መኪናና አብዛኛው አውቶቡስ 24 ቮልት ነው፤ የ12 ቮልት ሬዲዮ እዚያ ከሰካችሁ ጭሱን ታያላችሁ። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ መሣሪያ መሐል ይግባ። የእጅ ሬዲዮ በራሱ ባትሪ ይበቃዋል። 50 ዋት የመኪና ሬዲዮ ከሆነ ከ10 አምፒር በላይ ስለሚስብ ከሲጋራ ማቀጣጠያው ሳይሆን በቀጥታ ከባትሪው፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ተደርጎ።

ስልኩ ሰማይ ማየት አለበት፣ ፀሐይ ግን አይምታው። መስታወት ሥር የተቀመጠ ስልክ በአዳማ ቀትር ይግልና ራሱን ያጠፋል። የአየር መውጫው አጠገብ ስቀሉት። አፑን ከስልኩ ባትሪ መቆጠቢያ አስወጡት፤ የቦታ ፈቃዱንም "ሁልጊዜ" በሉት። ይህን ካላደረጋችሁ ስክሪኑ ሲጠፋ አፑም ይተኛል።

ደረጃ 8፦ ዙሩና ካርታችሁን ሳሉ

ሁለት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ቤት፣ አንዱ መኪና ውስጥ። ሹፌሩ ስልክ አይነካም። ይህ ልመና አይደለም።

መጀመሪያ ከተማው ውስጥ ዙሩ። ቀጥሎ ወደ ወንጂ። ቀጥሎ በመልካሳ ወደ ሶደሬ። የፍጥነት መንገዱን ለመጨረሻ አቆዩት፣ እዚያም ለሙከራ ብላችሁ አትቁሙ። ቤት ያለው ሰው የመጨረሻው ፓኬት ከየት እንደመጣና እንደገና ከየት እንደጀመረ በወረቀት ይጻፍ። ይህ ወረቀት ከማንኛውም ስሌት ይበልጣል። በጉዞው ቀን መኪናው ሲጠፋ "ሞቷል ወይስ ጥላ ውስጥ ነው?" ለሚለው መልሱ እሱ ነው።

ጥላው ከበዛ ደጋሚ ጣቢያ፣ ማለትም ዲጂፒተር፣ ያስፈልጋል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ የባለቦታውን ፈቃድ ይዛችሁ፣ ሬዲዮና ዳየርዎልፍ ያለበት ትንሽ ኮምፒውተር አስቀምጡ። ዋይድ1-1ን ብቻ እንዲመልስ አድርጉት። ይህ ጣቢያ ስለሚልክ አንቴናውን ባለ መለኪያ ሰው ያይላችሁ። አንቴናው ከረዘመ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር እየቆረጡ ይሞከር፤ 5 ሚሊሜትር ብቻ ወደ 1.5 ሜጋኸርዝ ያዛውረዋል፣ የኛ ባንድ ደግሞ ሁሉም ተደምሮ 2 ሜጋኸርዝ ነው።

ኢንተርኔት ላይ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ቤት ያለውን ዳየርዎልፍ ከኤፒአርኤስ ሰርቨር ጋር በፖርት 14580 አገናኙት፤ ከኮልሳይናችሁ የሚሰላ የይለፍ ቁጥር ይጠይቃል። ይህን ግን ሁሉም ነገር ያለ ኢንተርኔት ከሠራ በኋላ ብቻ።

ሲበላሽ

*መኪናው ከእውነተኛው ቦታ 40 ኪሎሜትር ወደ ሰሜን፣ 20 ወደ ምሥራቅ ሸሽቶ ይታያል።* ዲግሪ በአስርዮሽ እንደ ደቂቃ ተጽፏል። ይህ ቦታ በእጅ ሲገባ፣ በተለይ ቤት ባለው ጣቢያ ላይ ይመጣል። አዳማ 8.54 ሰሜን፣ 39.27 ምሥራቅ ገደማ ነው። ኤፒአርኤስ ግን በዲግሪና በደቂቃ ነው የሚጽፈው፦ 8 ዲግሪ ከ32.40 ደቂቃ፣ 39 ዲግሪ ከ16.20 ደቂቃ። ከነጥብ በኋላ ያለውን በ60 አባዙ።

*አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ይታያል።* ምሥራቅ የሚለው ምዕራብ ሆኗል።

*ቤት ቆሞ ይሠራል፣ ሲነዳ ይቋረጣል።* መጀመሪያ የአንቴናውን መጋጠሚያ፣ ቀጥሎ የስልኩን ኬብል ነቅነቅ አድርጉ። ሞተር ሲነሳ ብቻ ከሆነ ጩኸቱ ከስልክ ቻርጀሩ ይሆናል። ቻርጀሩን ነቅላችሁ ሞክሩ፤ ከተስተካከለ ሌላ ቻርጀር ግዙ።

*ላፕቶፑ ይሰማል፣ ጽሑፍ አይወጣም።* ኦዲዮ ሌቭል፣ ከዚያ የላኪው ድምፅ፣ ከዚያ መንደርደሪያው። በዚህ ቅደም ተከተል።

*አንዳንዱ መኪና ብቻ ይታያል።* ሁሉም በአንድ ደቂቃ ተነስተው በአንድ ሰዓት ስለሚልኩ ይደፋፈናሉ። አፑን አንዱ ከሌላው 15 ሴኮንድ ዘግይቶ ይክፈተው፤ ስማርት ቢኮኒንግ ከሆነ መንገዱ ራሱ ይበታትናቸዋል።

*መኪናው ቆሟል ይላል፣ ሹፌሩ ግን እየሄድኩ ነው ይላል።* ስልኩ ጂፒኤስ አጥቶ የድሮውን ቦታ እየደጋገመ ነው። ስልኩን ከጥላ አውጡት፣ ቦታው ሲታደስ በእጅ አንድ ፓኬት ላኩ።

ጉዞው ሲያልቅ አፑንም ሬዲዮውንም አጥፉ። ካላጠፋችሁ መኪናው ደጅ ቆሞ ሌሊቱን ሙሉ በየ20 ደቂቃው የቤታችሁን አድራሻ ሲናገር ያድራል።